ጓቴማላን በስደት ዜና ብቻ አንወቃት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በዓለም አቀፍ ገጻችሁ ስለ ጓቴማላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ስደተኞች ጉዞና ስለ ወሮበላ ቡድኖች የተባለው ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ ገጽ ተጽፎ ስለ ምድሩ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ እምነቱ አንዲት መስመር እንኳ ሳይገኝበት መቅረቱ ቅር አሰኝቶኛል። በ2010 ዓ.ም. ለቡና ጥራት ሥልጠና ሄጄ የካቲትንና መጋቢትን እዚያው ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ላካፍላችሁ። በተለይ ለወሎ ሰው ይህች አገር በካርታ ላይ የምትመስለውን ያህል ሩቅ አይደለችም።

ጓቴማላ ከሜክሲኮ በስተደቡብ፣ በአንድ ወገን ሰላማዊ ውቅያኖስን፣ በሌላው የካሪቢያንን ባሕር የምትነካ፣ ከ17 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ከስፓኒሽ ጎን ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይነገሩባታል፤ በደጋው ሴቶች በእጃቸው የሚሸምኑትን ልብስ ጥለት አይቶ የየትኛው መንደር ሰው እንደሆኑ የሚለይ አይጠፋም። ኬጻልቴናንጎ የምትባለው የደጋ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጠዋት ጉሙ ሲወርድ የደሴን ተራራ እያስፈለገ «ጦሳ በየት በኩል ነው?» ያሰኛል። ብርዱም የደሴ ነው። የደሴ ያልሆነው እሳተ ገሞራው ነው። ፉዌጎ፣ ትርጉሙም «እሳት» የሆነው ተራራ፣ ሌሊት ሲያጉረመርም የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን ዞር ብሎም አያየው። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ግንቦት 26 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰው እንደጨረሰ ስሰማ ያ ድምፅ መልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

የቆየሁት አንቲጓ ውስጥ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1543 ተቆርቁራ የመካከለኛው አሜሪካ የስፔን ግዛት መቀመጫ ሆና ኖረች፤ በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ ስላፈራረሳት ዋና ከተማው ወደ ዛሬው ጓቴማላ ሲቲ ተዛወረ። የፈረሱት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ግን እንደፈረሱ ቆመዋል፤ እኔ ከአዳዲሶቹ ይልቅ እነርሱን ወደድኳቸው።

የሕማማቱ ሳምንት ሲገባ ከተማው ሁሉ ሌላ ሆነ። በዚያ ዓመት የእነርሱ ትንሣኤ የዋለው በእኛ ሆሣዕና ቀን ነበርና እኔ ገና ጾም ላይ ነበርኩ። ያሳረፉኝ እናት በጾም ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ግን ለእርሳቸው የጾም ምግብ ነው። «እንቁላልም አይሆንም? አይብም?» እያሉ ሲጨነቁልኝ ሰነበቱና በመጨረሻ ጥቁር ቦሎቄ ያለ ስብ ቀቅለው፣ ከአቮካዶና በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ ከሚጋገረው ቶርቲያ ጋር አቀረቡልኝ። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወተት የማይጠጣው ኢትዮጵያዊ» ሆንኩ።

በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት እኚሁ እናት፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከደጃቸው ፊት ለፊት አስፋልት በሌለው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ተንበረከኩ። መጀመሪያ አሸዋ አፍስሰው ደለደሉት፤ ቀጥሎ በቀይ፣ በሐምራዊና በቢጫ ቀለም የተነከረ የእንጨት ብናኝ በተቀደደ ካርቶን ላይ በወንፊት እየነፉ አበባና መስቀል አወጡበት። ነፋስ እንዳይወስደው አንዲት ልጅ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ጣሳ ውሃ ታርከፈክፋለች። ጠርዙን በጥድ ቅጠልና በአበባ ሲከቡት ሽታው በበዓል ዋዜማ የተጎዘጎዘ ቄጤማ መሰለኝ። እኔም ወንፊት ተሰጥቶኝ አንድ የአበባ ቅጠል አበላሸሁ፤ እናትየው ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው አስተካከሉት። ይህ ሁሉ ስምንት ሰዓት ያህል ፈጀ።

ሊነጋጋ ሲል ከላ መርሴድ ቤተ ክርስቲያን ሰልፉ ወጣ። መስቀል የተሸከመው የክርስቶስ ምስል በቆመበት ግዙፍ የእንጨት መድረክ ሥር ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች በትከሻቸው ገብተዋል፤ ቆጥሬ ሰማንያ አካባቢ ስደርስ ተደናገረኝ። ቁመታቸው ተመሳሳይ የሆኑት አንድ ላይ ይመደባሉ፤ ተራው በየመንገዱ ማዕዘን ይቀያየራል። የዕጣን ጭስ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ከኋላ የሙዚቃ ጓድ የኀዘን ማርሽ ይነፋል። ስምንት ሰዓት የተደከመበት ምንጣፍ በሁለት ደቂቃ ተረግጦ ቀለሙ ተደበላለቀ። አዘንኩና ወደ እናትየው ዞርኩ፤ እርሳቸው ግን እያማተቡ ነበር። ለካ የተሠራው ሊረገጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ተሸካሚዎቹ ሐምራዊውን ጥለው ጥቁር ለበሱ። ዩኔስኮ ይህን በዓል እ.ኤ.አ. በ2022 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ግሸን ማርያምን የተሳለመ ሰው ኤስኪፑላስን ቢያይ አይደንቀውም። በምሥራቅ፣ ወደ ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር ድንበር በሚጠጋው በዚህ ከተማ «ጥቁሩ ክርስቶስ» የሚባል የስቅለት ምስል አለ፤ ኪሪዮ ካታንዮ የተባለ ቀራጺ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1595 ያስረከበው ነው። የንግሡ ቀን ጃንዋሪ 15 ሲሆን፣ ሕዝቡ ከጎረቤት አገሮች ጭምር ይጎርፋል። እኔ የሄድኩት ከበዓሉ ውጪ በአንድ ተራ እሑድ ነው፤ ያም ሆኖ ወረፋው ከግቢው ወጥቶ ነበር። ተሳላሚው ከምስሉ ፊት ደርሶ ሲጨርስ ጀርባውን አይሰጥም፤ ፊቱን ወደ ምስሉ እንዳዞረ ወደ ኋላ እያለ ይወጣል። ይህን ሳይ ሁለት ጊዜ ሰው ላይ ተደናቅፌ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ይበልጥ ያነጋግራል የምለው ግን አቲትላን ሐይቅ ዳር የምትገኘው ሳንቲያጎ ናት። ሐይቁ በሦስት እሳተ ገሞራዎች ተከቦ ከ300 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን እያሰብኩ በጀልባ ተሻገርኩት። በዚያ ማሺሞን የሚባል፣ ኮፍያ የደፋና በስካርፍ ብዛት ደረቱ የማይታይ የእንጨት ምስል አለ። በየዓመቱ ከአንዱ የማኅበር አባል ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የእኛ የጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞረው ማለት ነው። ሰዎች ሲጋራና አረቄ እያቀረቡ ጉዳያቸውን ይነግሩታል። ቤተ ክርስቲያን አልባረከችውም፣ ሕዝቡም አልተወውም። ወዳጃ በሚባለው የወሎ የጸሎት ስብሰባ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያሜኑ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ግራ አያጋባውም፤ የውጭ ጎብኚዎች «ጉድ ነው» እያሉ ፎቶ ሲያነሱ ግን እኔ አፈርኩላቸው። ይህን ልማድ የሚቃወሙ የአገሩ ሰዎችም ብዙ ናቸው፤ ከአሥሩ ጓቴማላዊ አራቱ ያህል ዛሬ ፕሮቴስታንት ነው፣ የድምፅ ማጉያቸውም ብርታት ከደሴ ማለዳ አያንስም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሌሊት በታጠቁ ሰዎች የተገደሉት አሜሪካዊ ቄስ፣ የአባ ስታንሊ ሮዘር ልብ በዚያው በሳንቲያጎ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብሯል። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ሲሄድ ምዕመናኑ ልባቸውን አስቀሩት። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል፤ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች አብዛኞቹ የማያ ተወላጆች ናቸው። ጽሑፋችሁ የስደቱን ወሬ ሲያወራ ከዚህ ቢነሳ ኖሮ ባልተከራከርኩ።

ቲካልን አላየሁም፤ በጫካው መካከል 65 ሜትር ያህል የሚረዝም የማያ ቤተ መቅደስ እንዳለ ማወቅ ማየት አይደለምና አልፈዋለሁ። ኪሪጓ የሚባለውን ሌላ የማያ ፍርስራሽ ግን አይቻለሁ። እዚያ ያሉት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሐውልቶች ናቸው፤ ረጅሙ ከመሬት በታች የተቀበረውን ክፍል ጨምሮ ከ10 ሜትር በላይ ነው። ከአክሱም ያጥራሉ፤ ነገር ግን የንጉሡ ፊት፣ ጎኑም ላይ የዘመን ቁጥሩ ተቀርጾባቸዋል።

ባለፈው ወር ሰኞ ገበያ ሄል ልገዛ ወረድኩና ባለሱቁ ከፈታው ጆንያ ላይ የዚያችን አገር ስም አነበብኩ። ጓቴማላ ሄልን ለዓለም ገበያ በማቅረብ ቀዳሚ ናት። ባለሱቁን «ይህ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» ብለው «ከጅቡቲ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ።

ለማንኛውም፣ ከፎቶግራፉ ሥር «የደቡብ አሜሪካዋ ጓቴማላ» ያላችሁትን በሚቀጥለው እትም «የመካከለኛው አሜሪካዋ» ብላችሁ እንድታርሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሸዋ በር