አሮጌውን የፍሪሲዮን ሸራ መልሱልን

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከ4 ኪሎ ሽሮ ሜዳ ሚኒባስ የምሠራ ሹፌር ነኝ። መኪናዋ የራሴ ናት፣ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ። ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ነው። ይህን የምጽፈው አንድን ጋራዥ ለመክሰስ ስላልሆነ ስሙን አላነሳም። የደረሰብኝ ነገር ግን ብዙ ሹፌር ላይ በየቀኑ የሚደርስ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያነሳውም።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ አስቀየርኩ። የበፊቱ ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቶልኛል። ለዚህ መስመር ይህ ትንሽ አይደለም። ከ6 ኪሎ ካለፍክ በኋላ ዳገት ነው፤ ጠዋትና ማታ መኪናው ሞልቶ መንገዱ ተዘግቶ ሃምሳ ሜትር ሄደህ ትቆማለህ፣ እንደገና በአንደኛ ማርሽ ትነሳለህ፣ እንደገና ትቆማለህ። ዲስኩን ከነሸራው (ሸራ ማለት ዲስኩ ላይ የተለጠፈው፣ እየተፋተገ የሚይዘው ክፍል ነው)፣ ፕሌቱን፣ ኩሽኔቱን፣ ሁሉንም ነው ያስቀየርኩት። ዕቃውን ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያመጣው መካኒኩ ራሱ ነው። ከነእጅ ዋጋው ከ30 ሺህ ብር በላይ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ምን ያደርግልሃል፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ» አለኝ። ለዓመታት የማውቀው ሰው ስለሆነ ዝም አልኩ።

ሐምሌ ላይ፣ በ11ኛው ሳምንት፣ ዝናብ እየዘነበ ዳገቱ መሀል ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ወዲያው የተቃጠለ ሸራ ሽታ ውስጡን ሞላው። አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ነበር። ተሳፋሪውን አውርጄ ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፣ ሌላ ታክሲም እስኪያገኙ አብሬያቸው ቆምኩ። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም።

መካኒኩ ጋ ስሄድ መጀመሪያ «ዕቃው ነው ችግሩ» አለኝ። ሻጩ ጋ አብረን ሄድን። ሻጩ «ዕቃዬ ንጹሕ ነው፣ አገጣጠሙ ነው» አለ። ተመልሰን ስንመጣ ደግሞ መካኒኩ «አነዳድህ ነው፣ እግርህን ፍሪሲዮን ላይ ጥለህ ነው የምትነዳው» አለኝ። 14 ዓመት ነድቻለሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ የሚነዳ ሹፌር ሞልቷል፣ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፈንታ በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚይዝ አለ፣ እሱ በወራት ውስጥ ሸራ ይጨርሳል። እኔ ግን እንደዚያ አልነዳም። ይህን በምን ላስረዳ?

ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስወረድኩት። ሽማግሌው መካኒክ ዲስኩን አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «ልጄ፣ ይኼ ሸራ ዘይት ጠጥቷል» አሉኝ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ቢሆን ሽታው ሌላ ነው፣ ይህ የሞተር ዘይት ነው፣ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው «ሲል»፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገው ጎማ፣ ያፈስሳል አሉኝ። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። በአነዳድ ያለቀ ሸራ ዙሪያውን እኩል ነው የሚያልቀው፣ ደርቆ ይቃጠላል፣ ቮላኖውም፣ ማለትም ዲስኩ የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት፣ በሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል። ቮላኖው ሳይስተካከል በላዩ ላይ አዲስ ዲስክ ከተገጠመ ደግሞ ሸራው አንድ ቦታ ላይ ተበልቶ ይገኛል፣ መኪናውም ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ልል ካልሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ እየተንሸራተተ ያልቃል። ዘይት የጠጣው ደግሞ ያው እጃቸው ላይ ያለው ነው። ለሚያውቅ ሰው ሸራው ራሱ ምስክር ነው።

እኔ የምለው እዚህ ጋ ነው። ግንቦት ላይ የወረደው አሮጌ ሸራ የት ሄደ? ያኔም ዘይት ነክቶት ከነበረ፣ መካኒኩ አይቶ ሲሉን መቀየር ነበረበት። ትልቁ ሥራ ካምቢዮ ማውረዱ ነው፤ ካምቢዮ ከወረደ በኋላ ሲሉን መቀየር ብዙ ወጪ የለውም። ደረቅ ከነበረ ደግሞ ሰውየው ጥፋት የለበትም፣ ሲሉ በኋላ ነው የተበላሸው ማለት ነው። እሱም «ያኔ ደረቅ ነበር» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። አሮጌው ሸራ ግን «ተጥሏል»። እኔ ልከሰው አልችልም፣ እሱም ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም። እንዲህ ሆነን ለዓመታት የተዋወቅን ሰዎች ሰላምታ አቁመናል።

ሕጉን ጠይቄ ነበር። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ሥራው ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጥሩ ነው። ግን ፍሪሲዮን በ15 ቀን አይታወቅም! በቀስታ ዘይት እየጠጣ ሁለት ወር ሊሄድ ይችላል። ደግሞስ ያለ ደረሰኝ በምን ቀን ልቆጥር ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋራዥ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርጎ ለባለመኪናው ይስጥ። ሌላው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ምን እንደተቀየረ፣ ዕቃውን ማን እንዳመጣው፣ ቮላኖው ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካክሎ እንደሆነ፣ ሲሉ ምን እንደሚመስል፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደሆነ ጽፎ ይፈርም። ይህ ጎበዙን መካኒክ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ሹፌሩ ራሱ ያቃጠለውን ሸራ ይዞ ሲመጣበት የሚያሳየው ይኖረዋል። ጋዜጣችሁ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርን ይህ ለምን ግዴታ እንደማይሆን፣ 15 ቀኑስ ለመኪና ጥገና ለምን እንደማይረዝም ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል። የጋራዥ ባለቤቶችንም አነጋግሩ፣ የእነሱም ወገን ይሰማ።

ዘይት የጠጣውን ዲስክ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሽሮ ሜዳ መስመር ሹፌር፣ አዲስ አበባ