የአውቶ መካኒክ ክበብ፦ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው

ክበባችን ዘንድሮ ዘይት ቀይሯል፣ የፍሬን ሸራ ገጥሟል፣ ባትሪ መርምሯል። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ትምህርት ቤታችን አሮጌ ፒክአፕ ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር ከተማ ውስጥ ቶሎ አይታወቅም። የቤዛዊት ዳገት ላይ ግን ጉዱ ወጣ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይስብም። ጋቢናውን የተቃጠለ ነገር ሽታ ሞላው።

ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ ካምቢዮውን ማውረድ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ተማሪዎቹ አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳይነፉት ከለከልኳቸው። የድሮ የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለሳንባ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ሸራው አልቆ፣ እሱን የያዘው ሪቬት (ምስማር) ቮላኖውን ፍቆታል። ቮላኖ ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚጣበቅበት ከባድ ክብ ብረት ነው። ሙቀት ያመጣው ሰማያዊ ነጠብጣብም ነበረበት።

ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሳ። ብዙዎቹ «አዲሱ ሸራ ተገዝቷል፣ ይገጠምና ይለቅ» አሉ። የክበቡ ገንዘብም ከዚያ አያልፍም ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጭረቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ቲቸር፣ ጥፍሬን ይይዘዋል። አዲሱንም ሊበላው አይደል?»

ልክ ነበረች። ሻካራ ቮላኖ አዲስ ሸራ ይጨርሳል፤ መኪናው ሲነሳም ይንቀጠቀጣል። ያኔ ካምቢዮው እንደገና ሊወርድ ነው።

ታዲያ ቮላኖው ይቀየር ወይስ ፊቱ ይላጥ? የእኛ አንድ ወጥ ብረት ነው። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቢሆን ኖሮ፣ በአብዛኛው አይላጥም። በአምፖል ብርሃን አገላብጠን ስንጥቅ ፈለግን፤ አልነበረበትም። ውፍረቱን በካሊፐር ለክተን ማንዋሉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ ጋር አመሳከርን። የሚላጥ ብረት ተርፎታል። አቀማመጡ ላይ ምልክት አድርገን ፈታነውና ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ሰማያዊው ቦታ ከሌላው ጠንክሮ ስለነበር ባለሙያው በቢላ ሳይሆን በሚዞር ድንጋይ አስተካከለው። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ።

ሲመለስ ቅባቱን አጸዳን። የክራንኩን ኦይል ሲልም ቀየርን፤ ዘይት ሸራውን ከነካው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሸራውን መሃል ለማስያዝ የአሮጌ ካምቢዮ ዘንግ ተጠቀምን። ቡሎኖቹን በመስቀልያ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅን።

ሸራው እስኪላመድ ፒክአፑ ሜዳ ላይ ብቻ ተነዳ። በሰኔ ሹፌራችን ይዞን ቤዛዊት ወጣ። ዳገቱ መሃል አቆመና እንደገና አስነሳ። አልተንቀጠቀጠም፣ አልሸተተም። ላይ ደርሰን ዓባይን ቁልቁል እያየን ቆሎ በላን።