ኤልኤስዲ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኤልኤስዲ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ ቅዠት አምጪ ንጥረ ነገሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ 25አይ-ኤንቦም የተባለው «በሕግ ገና ያልታገደ የኤልኤስዲ ዓይነት» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል። መስመሩ አጭር ቢሆንም ሁለት ስሕተት ይዟል።

ኤልኤስዲን አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1938 ባዝል በሚገኘው የሳንዶዝ ቤተ ሙከራ የሠራው በእህል ላይ ከሚበቅል ፈንገስ የሚገኘውን ሊሰርጂክ አሲድ መነሻ አድርጎ ነው። 25አይ-ኤንቦም ግን ፌነቲላሚን የተባለው ሌላ የኬሚካል ቤተሰብ ወገን ሲሆን፣ የመጣውም ራልፍ ሃይም እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበው የዶክትሬት ሥራ ነው። 2ሲ-አይ በሚባለው ቀደምት ውህድ ናይትሮጅን ላይ ሜቶክሲቤንዚል የተባለ የአቶሞች ስብስብ ሲታከልበት፣ ሞለኪውሉ በአንጎል ውስጥ ያለውን 5ኤችቲ2ኤ የተሰኘ የሴሮቶኒን ተቀባይ የሚይዝበት ኃይል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ ለተመራማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ 25ቢ-ኤንቦም በጨረር አመንጪ ካርቦን ምልክት ተደርጎበት ተቀባዮቹን በአንጎል ምስል ላይ ለማየት ያገለግላል።

አደጋው የሚመጣው ያው ኃይል ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ነው። ኤንቦም ኤልኤስዲ ተብሎ ሲሸጥ፣ ከቴምብር በምታንስ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚነከረው ፈሳሽ ሲደርቅ እኩል ስለማይሰራጭ፣ ከአንድ ገጽ የተቀደዱ ሁለት ቁራጮች የተለያየ መጠን ሊይዙ ይችላሉ፤ መጠኑ ደግሞ ከአንድ ሚሊግራም በታች ስለሆነ በዓይን የሚለየው የለም። ኤልኤስዲ በራሱ መርዝነት ሰው መግደሉ እጅግ ብርቅ ሲሆን፣ ኤንቦም ግን የደም ሥርን ያጠባል፣ የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ያንራል፣ ያንዘፈዝፋል፤ ጡንቻ ሲፈርስም ኩላሊት ሥራ ያቆማል። በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የኤርሊክ መመርመሪያ ፈሳሽ ኤልኤስዲ ያለበትን ወረቀት ሐምራዊ ሲያደርግ በኤንቦም ላይ ግን ቀለም አያወጣም፤ ይሁንና ሻጩ ራሱ የያዘውን በማያውቅበት ገበያ ይህን ማን ይመረምራል?

ሕጉን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ 25ቢ፣ 25ሲ እና 25አይ-ኤንቦምን በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይህ ሠንጠረዥ መንግሥት በቅርብ ከሚቆጣጠረው ምርምርና እጅግ ውስን ከሆነ የሕክምና አገልግሎት በቀር ሌላውን ሁሉ ይከለክላል፤ ኤልኤስዲም ያለው እዚያው ነው። ጽሑፋችሁ ምናልባት ያሰበው ከእገዳው በኋላ ብቅ ያሉትን፣ ሞለኪውሉ በጥቂቱ ብቻ የተለወጠባቸውን እንደ 25አይ-ኤንቦኤች ያሉ ውህዶች ከሆነ፣ እነርሱን በስማቸው መጥራት ይገባው ነበር፤ የሕግ አቋማቸውም ከአገር አገር ይለያያል።

እርማት የምታወጡ ከሆነ፣ የተለመደው የሽንት ምርመራ ኤንቦምን እንደማይለይ አብሮ ቢጠቀስ መልካም ነው። ሙቀቱ የናረና የሚንዘፈዘፍ ታካሚ ይዞ ሆስፒታል የሚደርስ ቤተሰብ፣ ውጤቱ «ምንም የለም» ቢልም እንኳ ታካሚው ምን እንደወሰደ የሚያውቀውን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ