የምርምር ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ያልጻፍነው ፕሮፖዛል

ዘንድሮ ስታፍ ሩም በገባሁ ቁጥር "ቲቸር፣ ክበባችሁ ፕሮፖዛሉን ጨረሰ?" እባላለሁ። አልጨረስንም። እንደውም በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ መስመር አልጻፍንም፣ እሱንም ሆን ብለን ነው፣ ስንፍና የመሰለው ሰው ይሄን አንብቦ ይፍረድ።

አምና የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የድጋፍ ጥሪ እንደወጣ ልጆቹ ኮምፒውተሩ ላይ ተሻሙ፣ 12 ገጽ ሞሉ፣ መግቢያው ብቻ 4 ገጽ ነበር። ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው የጥሪውን መጨረሻ ስናየው አመልካቹ በራሱ ስም የባንክ አካውንት ያለው ተቋም መሆን አለበት ይላል። ክበብ ደሞ ተቋም አይደለም። ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚ ዘንድሮ መጀመሪያ ጥሪውን አነበብን፤ ማን ማመልከት ይችላል፣ ምን ወጪ ይሸፍናሉ፣ ነጥብ የሚሰጡት በምን በምን ነው፣ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 ዳርፓን (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲን) የመራው ጆርጅ ሃይልማየር ለፕሮጀክት አቅራቢዎች ያነሳቸው የነበሩትን ጥያቄዎች ወሰድን፤ ያለ ሙያ ቋንቋ ምን ልትሠሩ ነው፣ ከዚህ በፊት ከተሠራው ምኑ አዲስ ነው፣ ቢሳካ ማንን ይጠቅማል፣ መሳካቱን በምን ታውቃላችሁ። ሳምንታዊ ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም፣ ቃለ ጉባኤው አለ።

የማልረሳው ግን ጉብኝታችንን ነው። የሰው ፕሮፖዛል የሚገመግሙ አንዲት ተመራማሪ ቢሯቸው ተቀበሉንና "ሃሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ" አሉ። ተወካያችን ተነስቶ "የመማሪያ ክፍል የአየር ጥራት በተማሪዎች ኮግኒቲቭ ፐርፎርማንስ ላይ…" ሲል "አልገባኝም" አሉት። ደገመው፣ አሁንም አልገባቸውም። ዝም ተባለ። ከዛ ዓመቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ከመያዝ ውጪ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት ልጅ ከኋላ ሆና "ከሰዓት እንቅልፍ ሚይዘን ከምሳው ነው ከመስኮቱ?" አለች። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና "በቃ እሱን ጻፉ" አሉ። እኔ ዞር ብዬ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር፣ ሌላ ምን ላድርግ።

ከዛች ጥያቄ ነው ሁሉም የተፈታው። ስንተነፍስ የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውጪ አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) ገደማ ነው፣ ሰው የሞላበት ዝግ ክፍል ግን ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት ዘግተን ከሰዓት ከፍተን ብናወዳድር ምሳው ይቀላቀልብናል፣ ስለዚ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ አንድ ቀን ዝግ አንድ ቀን ክፍት። ንቃቱን ደሞ ማስመሪያ ለቀን በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚይዙት እንለካለን፣ ወጪ የለውም። የወላጅ ፈቃድ ቅጽም አዘጋጀን። በጀቱ ላይ ልጆቹ መጀመሪያ ያሰፈሩት ላፕቶፕ ነበር፣ "ላፕቶፑ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?" ስላቸው ተሳሳቁና ራሳቸው ሰረዙት።

በተውሶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ የ5 ቀን ሙከራ አደረግን፣ በሁለተኛው ቀን ባትሪው አለቀ። በአራተኛው ቀን አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ መስኮቱ መከፈቱን እኮ ሁላችንም እያየን ነው፣ ነቃን ብለን ብናስብስ?" አለኝ። መልስ የለኝም፣ እንዳለ ማስታወሻችን ላይ "ስጋት" በሚለው ርዕስ ሥር ገባ። ይሄን ጥያቄ ገምጋሚ ሳያነሳብን በራሳችን ልጅ በመነሳቱ ዓመቱ ባክኗል የሚለኝን ሰው አልሰማም።

አሁን በእጃችን ያለው አንድ ገጽ የሃሳብ ማስታወሻ፣ የጊዜ ሰሌዳና እያንዳንዱ መስመር ለምን እንዳስፈለገ የተጻፈበት በጀት ነው። መለኪያውን ለባለቤቱ መልሰናል። ቀጣዩ ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር እንፈልጋለን፤ ማመልከቻው በትምህርት ቤቱ ስም እንዲገባ የርዕሰ መምህር ፊርማ፣ እና የላብራቶሪውን ቁልፍ ኮፒ። ቁልፉን ስንጠይቅ ይሄ ሦስተኛ ዓመታችን ነው።