ለጨዋታ የጠራሻቸው እንግዶች

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ወር ባንኮ የሚባለው የዳይስ ጨዋታ ተራ አንቺ ጋ እንደሚደርስ፣ የሥራ ባልደረባሽም የምትሸጣቸውን የወጥ ቤት ዕቃዎች ይዛ በዚያው ምሽት ለመምጣት እንደጠየቀችሽ ነግረሽኛል። ቤቱ አንድ ጊዜ ከተሰናዳ፣ እንግዳውም አንድ ጊዜ ከተሰበሰበ ሁለቱን ጉዳይ አብሮ መጨረስ ይሻላል ባይ ነሽ። በሐሳቡ አልተከፋሁም። «አስቀድሜ አልነግራቸውም፣ ሲመጡ ያዩታል» ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በዚያች አንዲት አባባል ምክንያት ነው።

ጨዋታውን እኔም እወደዋለሁ። ባንኮን የሚተካከል ሰው አቀራራቢ ጨዋታ አላውቅም። አሥራ ሁለት ሰው በሦስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አራት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋሮች። ሦስት ዳይስ፣ በስድስት ገጻቸው ከአንድ እስከ ስድስት ያለባቸው ትንንሽ መወርወሪያዎች፣ ይወረወራሉ። በመጀመሪያው ዙር የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት። የተፈለገው ቁጥር በወጣ ቁጥር ነጥብ ይያዛል፤ ነጥብ እስካገኘሽ ድረስ ትወረውሪያለሽ፣ ስታጪ ለቀጣይዋ ታስተላልፊያለሽ። ሦስቱም ዳይስ በዙሩ ቁጥር ከወጡ «ባንኮ!» ብለሽ ትጮኺያለሽ፣ 21 ነጥብ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው የዙሩ ቁጥር ካልሆኑ ደግሞ 5። ከሦስቱ ዋና በተባለው ጠረጴዛ ያሉት 21 ሲሞሉ ደወል ይደወላል፣ አሸናፊዎች ወንበር ይቀይራሉ፣ አጋርም ይለወጣል። ምሽቱ ሳያልቅ ከሁሉም ጋር ማለት ይቻላል ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ተቀምጠሻል።

ብልሃት የሚባል ነገር የለበትም። ሦስት ዳይስ በ216 መንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ ከእነዚህ በ120ው ወርዋሪዋ ምንም አታገኝም፣ ባንኮ የሚሆነው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው። ይህ ዕድል ለአዲሷም እንግዳ፣ አሥር ዓመት ለተጫወተችውም እኩል ነው። ስለዚህ ማንም ስለ ችሎታው ሳይጨነቅ ወሬውን ይቀጥላል፣ እጁ ብቻ ይወረውራል። ሰው ያን ያህል ዘና ብሎ፣ ያን ያህል ልቡን ከፍቶ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ አይደለም። ለሽያጭ የተመቸ የሚያደርገውም፣ ለእኔም የሚያሳስበኝ፣ ይኸው ልብ መክፈቱ ነው።

ባልደረባሽ የምትሠራው ሥራ በራሱ ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። በሰው ቤት ተሰብስቦ ዕቃ ማሳየት የተስፋፋው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። የታፐርዌር የፕላስቲክ ዕቃ መክደኛው አየሩን አስወጥቶ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ነበር፤ ኧርል ታፐር የሠራውን ይህን ዕቃ ሰዎች በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ግን እንዴት እንደሚዘጋ አልገባቸውም፣ ሽያጩም አልሄደም። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት በየሰው ቤት ሴቶችን ሰብስባ፣ መክደኛውን በእጃቸው እንዲጫኑት፣ አየሩ ሲወጣ እንዲሰሙት እያደረገች ትሸጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ኩባንያው ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ እንዲሸጥ ወሰነ፣ ሥራውንም እንድትመራ ለእርሷ ሰጣት። እ.ኤ.አ. በ1954 «ቢዝነስ ዊክ» መጽሔት በሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእጅ ነክቶ ካልታየ የማይገባ ዕቃ፣ ከቤት ውጭ ሥራ ማግኘት ለከበዳቸው ሴቶችም ገቢ፤ ይህን አከብረዋለሁ።

ነገር ግን ሽያጩን የሚገፋው ሌላ ኃይል አለ፣ ስሙም ይሉኝታ ነው። ጆናታን ፍሬንዘን እና ሃሪ ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በእንዲህ ዓይነት ግብዣ ላይ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ስለወደደ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ከጋባዧ ጋር ያለው ቅርበት ከፍተኛ ድርሻ አለው። ተመራማሪ ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። ቤትሽ የመጣ ሰው ለሻጯ «አልፈልግም» ሲል ለአንቺ እንደተናገረ ሆኖ ይሰማዋል።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ እኔም አንድ ምሽት ጓደኞቼን «ኑ እንጫወት» ብዬ ጠራሁ። የፊት ቅባት የምትሸጥ የማውቃት ሴት እንደምትመጣ ለአንዳቸውም አልተናገርኩም። ብነግራቸው የሚቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ማሰቤ ብቻ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ከመጡት መካከል ሥራዋን ካጣች ወራት ያስቆጠረች ወዳጄ ነበረች። ማጣቷን አውቃለሁ። በጨዋታው አንድ ዙር አሸንፋ ትንሽ ብልቃጥ ተሸለመች፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ የትዕዛዙ ቅጽ ዞረ።

ብልቃጧን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ዓይኗን ተከተልኩት። የዕቃዎቹን ስም ትታ የዋጋውን ዓምድ ከታች ወደ ላይ ታነባለች፣ ዝቅተኛውን ትፈልጋለች። አገኘችው፣ ምልክት አደረገች፣ ቅጹን አጥፋ አቀበለችኝ፤ ስታቀብለኝ አላየችኝም። ዕቃው የመጣ ቀን አራት ቦታ የታጠፈ ገንዘብ ከፍላ ወሰደች። ከዚያ በኋላ በጠራኋት ቁጥር ምክንያት ነበራት። ከብዙ ወራት በኋላ ራሴ ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ቅባቱ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ የክዳኑ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ለጋባዧ የሚሰጠው ስጦታ ከጠቅላላ ሽያጩ የሚታሰብ ስለነበር ከእርሷም ገንዘብ የመጣ ድርሻ በእጄ ገብቷል። እስከ ዛሬ ያን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

የጨዋታው ስም እንኳ ታሪክ አለው። ባንኮ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ለረጅም ዘመን የማጭበርበሪያ ስም ነበር፤ በአሜሪካ ከተሞች አጭበርባሪዎችን የሚከታተለው የፖሊስ ክፍል ይጠራ የነበረው በዚሁ ስም ነው። የአጭበርባሪዎቹ ሥራ በዳይስና በካርታ ሰውን ማርኮ ኪሱን ማራቆት ነበርና። ዛሬ ጨዋታው ንጹሕ የወዳጆች ጨዋታ ሆኗል። አንቺ ቤት ወደ ቀድሞ ትርጉሙ እንዲመለስ አልፈልግም።

ስለዚህ ግብዣውን ስትልኪ ሁለቱንም ጻፊ። የምትሸጠው ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትሸጥ፣ መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ፣ አንቺም ከሽያጩ የምታገኚው ጥቅም ካለ እርሱን ጭምር። የመጨረሻው ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ግን ወዳጆችሽ በራሳቸው ከደረሱበት ከዚያ የከበደ ነገር ይመጣል። ከተቻለሽ ያንን የጋባዥ ስጦታ ለአሸናፊዎቹ ሽልማት አድርጊው፣ ይህንንም በግብዣው ላይ ግለጪው። ያኔ ማንም ስለ አንቺ ጥቅም ብሎ አይገዛም።

ሰዓቱን ብዙ አሰብኩበት። ዕቃውን በጨዋታው መካከል ማሳየት ሰውን ወንበሩ ላይ አስሮ መሸጥ ነው። በመጨረሻ ማሳየትም አይሆንም፤ አንዲት ሴት ሁሉም እያየ ቦርሳዋን አንሥታ ብትወጣ አለመግዛቷን በአደባባይ እንደተናገረች ይሆንባታል። ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ይሁን። ዕቃ ማየት የምትፈልግ ቀድማ ትምጣ፣ ለጨዋታ ብቻ የምትመጣ በጨዋታው ሰዓት ትድረስ። ቀድሞ ተነሥቶ መውጣት ያሳቅቃል፣ ዘግይቶ መምጣት ግን ማንንም አያሳፍርም፤ ለምን እንደዘገየችም የሚጠይቃት የለም። የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ዕቃው ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ይግባ፣ በሩም ይዘጋ።

ባልደረባሽን ከአሥራ ሁለቱ አንዷ አታድርጊያት። ጨዋታው ወንበር የሚያቀያይር ስለሆነ ከተጫወተች በየጠረጴዛው ትደርሳለች፤ ባታስበውም ወሬው ወደ ዕቃዋ መሄዱ አይቀርም። ሰው ጎድሎብሽ የግድ ካስፈለገች ግን በዳይሱ ጊዜ ስለ ሽያጭ እንዳታነሣ አስቀድመሽ ተነጋገሩ። ቅር አይላትም፣ ሥራዋን የምታከብር ከሆነች ይገባታል። ሰዎቹን «ቀጣዩን ግብዣ አንቺ ቤት እናድርገው» ብላ በሁሉ ፊት እንዳትጠይቅም ንገሪያት፤ አዳዲስ ግብዣ የሚገኘው በዚያ መንገድ ነው፣ ግን እሺ ማለትም እምቢ ማለትም በብቻ ሲሆን ነው ነጻነት ያለው። «አብራችሁኝ ሻጭ ሁኑ፣ ሌሎችንም ካመጣችሁ ገቢ አላችሁ» ወደሚለው ከዞረች ደግሞ እዚያው አቁሚያት።

የትዕዛዝ ቅጹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አይዙር። በመግቢያው በኩል ተቀምጦ የፈለገች ወደ ቤቷ ትውሰደው፣ በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በስልክ ትዘዝ። ሽያጩ እንደሚቀንስ ባልደረባሽ ልትነግርሽ ትችላለች። የሚቀንሰው በይሉኝታ ሊገዛ የነበረው ነው፣ የቀረው በእርግጥ የተፈለገ ዕቃ ነው። እርሷም ብትሆን ዕቃው እንዲመለስላት፣ ስሟ በስውር እንዲነሣባት አትፈልግም።

ለዳይሱ ገንዘብ አታስዋጪ። በብዙ አገር ገንዘብ ከፍሎ በዕድል ሽልማት ማግኘት በሕግ የሚታይ ነገር ነው፣ ሕጉ ባይኖርም በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ኪስ መክፈት ያከብዳል። ሽልማቶቹ ጥቃቅን ይሁኑ፤ ለብዙ ባንኮ፣ ለብዙ ድል፣ ለብዙ ሽንፈትም። ለተሸነፈችው የሚሰጠውን አትርሺ፣ ከሁሉ የሚያስደስተው እርሱ ነው። ብቻ ሽልማቱ ከሻጯ እጅ አይሰጥ፤ አንቺ ስጪ። የወዳጄ እጅ ውስጥ የነበረችው ብልቃጥ ምን ያህል እንደከበደቻት አሁን ገብቶኛል፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንለትም።

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ሳትመጣ ብትቀር አትጨነቂ፣ ባዶውን ወንበር «የማይታይ ተጫዋች» አድርገሽ አጋሩ ትወርውርለት። ከተቻለ ምትክ ሰው መጥራት ይሻላል፤ ግን ለቁጥር ስትይ መምጣት ያልፈለገችውን አታስገድጂ።

የጻፍሽውን የግብዣ ወረቀት ከመላክሽ በፊት አንብቢልኝ፣ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው። ያቺን የናስ ደወሌን ታስታውሻታለሽ? እጀታዋ ላልቶ ነበር፣ አስጠግኛታለሁ። በዚህ ሳምንት በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ፤ ዋናው ጠረጴዛ ላይ እርሷን አስቀምጪ፣ ድምጿ ከሌላው ክፍል ይሰማል።

እናትሽ