ከታጠቡ በኋላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ሐዋሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ በዓለ ጥምቀቱንም በሰላም አሳልፈናል። ንስሐ ገብተሽ የንስሐ አባትሽ ያዘዙሽን ቀኖና ከፈጸምሽ ሳምንት ሳይሞላ በሥራ ባልደረባሽ ላይ ያንኑ ክፉ ቃል መናገርሽን ገልጸሽ «ታዲያ መታጠቤ ምን ጠቀመኝ?» ያልሽው ሲያብሰለስለኝ አደረ።

ልጄ፣ ጥምቀት አንዲት ናት። በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ ያገኘሽው የእግዚአብሔር ልጅነት ስለወደቅሽ አይደገምም፤ በየዓመቱ ጥር 11 የምንረጨው ጠበልም በረከት እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም። ጌታ ጴጥሮስን «የታጠበ እግሩን ከመታጠብ በቀር ሌላ አያስፈልገውም» ያለው (ዮሐ. 13፥10) የታጠበም ሰው መንገድ ሲሄድ እግሩን አቧራ ስለሚነካው ይመስለኛል። ንስሐሽን እንደዚያ ቁጠሪው፤ እግር ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ታጥቦ አይተውም።

ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የሱቃችን ሚዛን በኪሎ 50 ግራም ያህል እንደሚያጎድል እያወቅሁ ሁለት ወር ሙሉ ሸጬበታለሁ። በነቢያት ጾም ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስግደቱ ይቆይሽ፤ አስቀድመሽ ሚዛኑን አስተካክዪ፣ ያጎደልሽውንም መልሺ» አሉኝ፤ ቀራጩ ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ መሆኑን አስታወሱኝ። የማውቃቸውን ደንበኞች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ገንዘባቸውንም መለስሁ። አንዷ እስከ ዛሬ ከእኔ አትገዛም፤ አልፈርድባትም። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ ገዝተው ሲመለሱ ከሱቃችን ሽንኩርት ይዘው የሚያልፉትን መንገደኞች ግን ከየት አገኛቸዋለሁ? ስለዚህ ለብዙ ወራት ለመጣው ሁሉ ከኪሎው በላይ እየጨመርሁ ሰጠሁ። እነርሱ ምርቃት ነው ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን ዕዳዬን እየከፈልሁ ነበር፤ ምስጋናቸውም ከየትኛውም ስግደት ይልቅ ከብዶኛል።

ዳዊት «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» ብሎ አላበቃም፤ «የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ» ብሎ ቀጠለ። ተጠርጎ ባዶ የቀረውን ቤት የወጣው ርኩስ መንፈስ ሰባት ጨምሮ እንደሚመለስበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ተጽፏል። አንቺም ቁጣውን አውጥተሽ ስፍራውን ባዶ የተውሽው ይመስለኛል። ጠዋት ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፤ ቢሮ ስትገቢ አስቀድመሽ ባልደረባሽን ሰላም በዪያት፤ በተናደድሽበት ሰዓት መልእክት አትጻፊላት። ይቅርታ ስትጠይቂያትም «አንቺም እኮ» የሚል ቃል አትጨምሪ፤ ይቅርታን የሚያበላሸው እርሱ ነው፣ ከአባትሽ ጋር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይቅር ባትልሽ እንኳ ሰላምታሽን አታቋርጪ። ደግሞ ብትወድቂ ወደ ንስሐ አባትሽ ለመመለስ አትፈሪ፤ ያንኑ ኃጢአት ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አይደለም።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ለዐቢይ ጾም ቅበላ እንድትመጪም ይጠብቅሻል። ልጅቷን አነጋግረሽ የሆነውን ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ