አምበር የቆረቆራት የህንድ ከተማ ከጉብኝት ዝርዝር ለምን ትቀራለች?

ክቡር አዘጋጅ፣

ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ወደ ህንድ የሚሄዱ ወገኖቻችን በትርፍ ጊዜያቸው ሊያዩዋቸው ስለሚገቡ ምሽጎችና ቤተ መንግሥቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ በጥሞና አነበብሁት። የአግራው ታጅ ማሃል፣ የደልሂው ቀይ ምሽግና የጃይፑሩ የነፋስ ቤተ መንግሥት ተገቢ ቦታቸውን ስላገኙ በዚህ በኩል የምነቅፈው የለኝም። ሆኖም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሙምባይ ለሚያርፍ መንገደኛ ከተጠቀሱት ሁሉ ይልቅ የምትቀርበው፣ ለእኛም ከሁሉ በላይ የምታገባን ከተማ ስሟ እንኳ አልተነሣም። አውራንጋባድን ማለቴ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት የኖርሁባት ከተማ ስለሆነች ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1610 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኪርኪ በሚል ስም የቆረቆራት ማሊክ አምበር የሀገራችን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ተወልዶ፣ ቻፑ እየተባለ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሞካና በባግዳድ በኩል ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ደቡብ ህንድ ደጋ ላይ ደረሰ። እዚያ የገዛው የአህመድናጋር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ቀድሞ በባርነት የመጣ ሀበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምበር ነፃ ወጣ፤ ወታደር ሰበሰበ፤ ከዓመታት በኋላም በልጅ ነገሥታት ስም አገሩን በእንደራሴነት እስከ ማስተዳደር ደረሰ። ንጉሥ ነበር እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ ዘውድ ግን አልደፋም፤ ሥራው ያለ ዘውድም ይበቃዋልና ማጋነን አያስፈልገንም። የትኛው ክልል ልጅ ነው በሚለው ክርክርም መግባት አልፈልግም፤ ልጁን የሸጡት ሰዎች ያንን ቢጠየቁ ኖሮ የሚመልሱት ዋጋውን ብቻ ነበር።

የከተማዋ ስም ብዙ ጊዜ ስለተለዋወጠ ጎብኚ ሊደናገር ይችላል። የአምበር ልጅ ፋቴህ ካን ፋቴህናጋር አላት፤ አብዛኛውን ህንድ ይገዙ የነበሩት የሙጋሎች ልዑል አውራንግዜብ በ1653 መቀመጫው ሲያደርጋት በራሱ ስም ጠራት፤ በ2023 ደግሞ በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። የመሥራቿን ስም የሚያስታውስ አንድም መጠሪያ አላገኘችም። እርሱን ለማግኘት በሮቿን ማየት ያስፈልጋል፤ ከተማዋ የበሮች ከተማ ትባላለች፤ ሃምሳ ሁለት በር ነበራት ይባላል። ከቀሩት መካከል ባድካል የሚባለውን አምበር በ1612 በሙጋሎች ላይ ለተቀዳጀው ድል መታሰቢያ ያሠራው ሲሆን፣ ዛሬ በዙሪያው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ሲርመሰመስ ይውላል። በነገራችን ላይ በደሴና በኮምቦልቻ የምንሳፈርበትን ተሽከርካሪ ስም ያወረሰን የባጃጅ ኩባንያ ትልቅ ፋብሪካ ያለው በዚያችው ከተማ ዳር፣ ዋሉጅ በሚባል ስፍራ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ያስጎበኘኝ ሰው በሩ ሥር ቆሞ “አንድ አፍሪካዊ ባሪያ ያሠራው ነው” አለና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ከዚያው አገር መምጣቴን ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ አምበርን በጦር ሜዳ ማሸነፍ ያቃተው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር የአምበርን የተቆረጠ ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሥሎ እንደነበር ያጫወተኝ እርሱ ነው። ሥዕሉ በእርግጥ አለ። አምበር ግን ሰማንያ ዓመት ገደማ ኖሮ በ1626 ራሱ በትከሻው ላይ እንዳለ ዐረፈ።

እኔ ለጎብኚ የምመክረው ከግንቡና ከበሩ አስቀድሞ ውኃውን እንዲያይ ነው። አምበር ከከተማዋ በስተሰሜን ካሉት ኮረብቶች ሥር የከርሰ ምድር ውኃ አጠራቅሞ፣ በግንብ ቦይና በሸክላ ቧንቧ፣ ያለ አንዳች ሞተር በመሬቱ ቁልቁለት ብቻ ወደ ከተማ አወረደው። መስመሩ ናህር ኢ አምበሪ፣ የአምበር ቦይ ማለት ነው፣ ይባላል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ገዢዎችም ተመሳሳይ መስመሮችን ዘርግተዋል፤ ፓንቻኪ በሚባለው የውኃ ወፍጮ ቆሞ የሚያይ ሰው ከሩቅ ምንጭ በሸክላ ቧንቧ የመጣ ውኃ ከከፍታ ወደ ገንዳ ሲወርድ ይመለከታል፤ ያ ኃይል በ1700ዎቹ የወፍጮውን ድንጋይ እያዞረ ለድሆችና ለመንገደኞች እህል ይፈጭ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለኖረ ሰው ይህ ተራ ትዕይንት አይደለም፤ እኔ ከገንዳው አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ።

የውኃው ነገር ይበልጥ የሚገባው ዳውላታባድን ሲያዩ ነው። ከከተማዋ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተሠራ ምሽግ ነው። የአምባው ወገብ ዙሪያውን ተፈልፍሎ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል፤ ሥሩ በዐለት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድብ ይከብበዋል፤ ጉድቡን የተሻገረ ጠላት ደግሞ የሚገባው ጠመዝማዛና ድቅድቅ ጨለማ የሆነ የዐለት ዋሻ ውስጥ ነው። አስጎብኚዎች ችቦአቸውን አጥፍተው ያንን ጨለማ ያሳያሉ፤ ጥቂት ልጆች ይጮኻሉ። የደልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉክ በ1327 ዋና ከተማውን ወደዚህ አዛውሮ ሕዝቡን ከደልሂ እንዲሰደድ ያስገደደው የምሽጉ ጥንካሬ ማርኮት ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ትቶት ተመለሰ፤ ለመመለሱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የውኃ እጥረት ነው። ሱልጣኑ በምሽግ የጀመረውን አምበር በአቅራቢያው በውኃ ጀመረው፤ ሰው በብዛት የሚኖረው ዛሬ በየትኛው ስፍራ እንደሆነ ከአምባው አናት ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል።

ወሎዬ ሆኖ ያንን አምባ የወጣ መቅደላን ሳያስብ አይቀርም። ያውም በ1868 መቅደላ ላይ የዘመተው የናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ፣ ከዛሬዪቱ ሙምባይ ነበር፤ ብዙዎቹ ወታደሮች ህንዳውያን ነበሩ፤ መድፍ የሚሸከሙትም ዝሆኖች ከዚያው በመርከብ መጡ።

ድሃው ታጅ የሚባለው ቢቢ ካ ማቅባራ ብዙ አያቆመንም። አውራንግዜብ ለሞተችው ሚስቱ ለዲልራስ ባኑ መቃብር የመደበው ሰባት መቶ ሺህ ሩፒ ያህል ስለነበር እብነ በረዱ ከግድግዳው ታችኛው ክፍልና ከጉልላቱ በቀር አልበቃም፤ የቀረው በኖራ የተለሰነ ጥቁር ድንጋይ ነው። አግራን ያየ ሰው ያነጻጽርና ይስቃል፤ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያየው ግን አይስቅም።

ወደ ኤሎራ የሚወስደው መንገድ በዳውላታባድና በኩልዳባድ ያልፋል። ኤሎራ በተራራ ጥግ የተፈለፈሉ ሠላሳ አራት የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን እምነት ዋሻዎች አሉበት፤ ሦስቱ እምነቶች ጎን ለጎን መኖራቸው የወሎን ሰው አያስደንቀውም። አሥራ ስድስተኛው፣ ካይላሳ የተባለው ቤተ መቅደስ፣ በስምንተኛው መቶ ዓመት ከአንድ ወጥ ዐለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። ላሊበላን ያየ ሁሉ በቅጥሩ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት የሚሰማውን አውቃለሁ፤ እኔም ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሳይ የተሰማኝ ያው ነው። አንዱ ከሌላው ተማረ የሚል መላምት ግን ከእኔ እንዳትጠብቁ፤ የሚፈለፈል ዐለትና ጽኑ እምነት ያለበት አገር ሁሉ መፈልፈል አያቅተውም።

በኩልዳባድ ወርዶ ሁለቱን መቃብሮች ሳያይ ለሚመለስ ሰው አዝናለሁ። በ1707 የሞተው አውራንግዜብ፣ የዚያን ዘመን ታላቁ ንጉሠ ነገሥት፣ ጣሪያ በሌለው ቀላል መቃብር አፈር ለብሶ ተኝቷል፤ ወጪው ቆብ እየሰፋ ከሸጠው ገንዘብ እንዲሸፈን ተናዝዞ ነበር ይባላል። በባርነት የተሸጠው አምበር ግን በሕይወት ሳለ ባሠራው፣ ጉልላት ባለው የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው፤ ሚስቱ ካሪማም በአቅራቢያው አለች። በሄድሁባቸው ሦስት ጊዜያት ከእኔ ሌላ ጎብኚ አላገኘሁም።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ልጨምር። ከሙምባይ በባቡር ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የጋዜጣችሁ ጽሑፍ በሚያዝያና በግንቦት ስለሚኖረው ሙቀት ምንም አላለም፤ አርባ ዲግሪ ያልፋልና ከኅዳር እስከ ጥር መሄድ ይሻላል። ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው የመግቢያ ዋጋ ለህንዳውያን ከሚጠየቀው ብዙ እጥፍ ነው፤ በር ላይ ከመከራከር አስቀድሞ መያዝ ይቀላል። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ማክሰኞ ዕለት ነው።

አይጠየፍ አዳራሽን ሳሳያቸው ተማሪዎቼ ንጉሥ ሚካኤል ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ ጣሪያ ሥር ስላበሉበት ግብር ይጠይቁኛል፤ ከዚያ ሳስከትል የአምበርን ታሪክ ስነግራቸው “የት ነው? እንዴት ይኬዳል?” ይላሉ። በሚቀጥለው የጉዞ ዓምዳችሁ ከአግራ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ብትሰጡልኝ ገጹን ቆርጬ በክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከደሴ